አባቴ ከቀጋው ሥር የተገኙ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ዛሬም ከተማችን ንፋስ መውጫ ላይ ጉም ወርዶ ሳይ መጀመሪያ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ደስ ይለኛል። ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚሰሙት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ከከተማዋ ዳር፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የሚሄዱበትን መንገድ፣ ኋላ ደግሞ እኔን። ገጠር ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ወደ ቤቴ አመጣኋቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበሬ ነበሩ። ጠዋት ሲነሡ፣ «ገብሱ እሸት ሆኗል፤ ወፍ ሳይጨርሰው ልሂድ» ይሉኛል። «አባዬ፣ ገብሱ እኮ እዚህ የለም» እላቸዋለሁ። በማግስቱ ያንኑ ይሉኛል።

የዚያን ዕለት ውኃ ቀድቼ ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መደቡ ላይ የሉም። ጋቢያቸውም ዱላቸውም የለም። ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ የራሴ አጥር እንኳ አይታየኝም።

እየተጣራሁ ሮጥኩ። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ያያቸው የለም። መንገድ ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ «ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በገደሉ በኩል ሲወርዱ አይቻለሁ» አለኝ። የጋይንትን ገደል የሚያውቅ ያውቀዋል። በጠራ ቀን እንኳ ከብት ይበላል።

ወደዚያ የሚያወርደው መንገድ በትልቁ የመብራት መስመር ሥር ያልፋል። ቦታው ድሮ ባሕር ዛፍ ነበር። ሽቦው ሲዘረጋ ዛፉ ተቆረጠ፤ ረጅም ነገር መትከልም ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይተክለው ቀጋው፣ እምቧጮው፣ አምጃው፣ ቁጥቋጦው ሁሉ በቅሎ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ጥቅጥቅ ብሏል። ባሕር ዛፍ በነበረ ጊዜ ወፍ ዝር የማይልበት ቦታ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት በወፍ ዜማ ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ግን ሁልጊዜ ስሮጥ ነው የማልፈው፤ ቆሜ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጉሙ ገለጥ ሲል አንድ ፒካፕ መኪና ቆሞ አየሁ። ከአጠገቡ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ገጀራና መጋዝ ይዘዋል፤ ግን ማንም አይሠራም፣ ማንም አያወራም። ሁሉም ወደ መሬት ያያሉ።

ሰው እንዲህ ዝም ብሎ የሚቆመው ሬሳ ላይ ነው።

«አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

አንድ ጎልማሳ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። መጥቶ ክንዴን ደገፍ አደረገኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ ደህና ናቸው። ብቻ ቀስ ብለሽ ነይ።»

አባቴ ከአንድ ትልቅ የቀጋ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጠዋል። ዱላቸውን መንገድ እንደሚዘጋ ሰው ከፊታቸው አጋድመውታል። ከጋቢያቸው በላይ የማላውቀው ሰው ጃኬት ተደርቦላቸዋል። በእጃቸው የፔርሙስ ሻይ ይዘዋል።

ጎልማሳው ከመብራት መስመሩ ሥር የሚመነጥሩት ሠራተኞች አለቃ ነው። ፈንታሁን ይባላል፤ የእስቴ ሰው ነው። የሆነውን በሹክሹክታ ነገረኝ። ቁጥቋጦውን ሊመነጥሩ ገጀራ ሲያነሡ አባቴ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ። «እዚህ ጫጩቶች አሉ። መጀመሪያ እኔን ቁረጡ» ብለው ቁጭ።

«ልጆቹ ደግፈው ሊያነሷቸው ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩ» አለኝ። «የእኔም አባት እንዲህ ሆነው ነው ያረፉት። ከዚህ ብናስነሣቸው ወዴት ይሄዳሉ? ከታች ገደል ነው። ሰው እስኪመጣላቸው ሥራው ይቆይ ብለን ነው።»

ጠጋ ብዬ በእሾሁ መሃል አየሁ። ከሣርና ከፈረስ ጭራ የተሠራች ትንሽ ጎጆ። እናቲቱ ወፍ ትል በአፏ ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ታመነታለች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። እሷ ገባች፤ ጫጩቶቹ አፋቸውን በረገዱ። ገጀራ የያዘው ሠራተኛ ሳይታወቀው ፈገግ አለ።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ወደ ገበያ ነሽ?» አሉኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን «እኔ ነኝ እኮ፣ ልጅዎ!» ብዬ እከራከራቸው ነበር። ያን ዕለት አቅም አልነበረኝም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አዎ፣ ወደ ገበያ ነኝ። ወፍ እህል አይበላብዎትም እንዴ?»

«ይበላል እንጂ! ከእህሌ ላይ በወንጭፍ ሳባርራት ኖሬአለሁ። ከቤቷ ግን አባርሬያት አላውቅም።»

ሻያቸውን ፉት አሉና፣ «እኔም ልጅ አለችኝ» አሉ። «ልብስ ሰፊ ናት። ስትቆጣ ቁርጥ እናቷን። እኔ ሳልበላ እህል በአፏ አይዞርም። ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«እንግዲያ ካገኘሻት፣ አባትሽ ደህና ነው በያት። ሆዷ ቡቡ ነው፤ ትሰጋለች።»

ፈንታሁን ፊቱን አዞረ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ወራት ሙሉ ከልባቸው የወጣሁ መስሎኝ ብቻዬን አልቅሻለሁ። ለካ የረሱት ፊቴን ነው እንጂ እኔን አይደለም።

«ልጅዎ ቤት ላድርስዎ?» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥሽ» ብለው እጄን ያዙ። ተነሥተው ግን ወደ ቀጋው ዞሩ። «እነዚህስ?»

«አባቴ፣ አንነካቸውም» አለ ፈንታሁን። «ሽቦውን የሚነካው ባሕር ዛፉ ነው። ይኼ ቁጥቋጦ የፈለገውን ያህል ቢያድግ እላይ አይደርስም። የምንመነጥረው ለእግራችን እንዲመቸን ብለን ነው። እንግዲህ እየዞርን እንሠራለን።»

በመኪናቸው ቤታችን ድረስ አደረሱን። ፈንታሁን ቃሉንም ጠበቀ። ከጉቶው ያቆጠቆጠውን ባሕር ዛፍ ቆርጠው ቁጥቋጦውን እንዳለ ትተውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም፤ ያለበት ድረስ ምርቃቴ ይድረሰው።

አሁን ሥራ ቀለል ሲለኝ ከአባቴ ጋር እዚያ እንሄዳለን። እነዚያ ጫጩቶች በርረዋል፤ ሌሎች ግን ሞልተዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ማን እንደሆንኩ መንገር ትቻለሁ። አንዳንዴ ብቻ፣ «ልጅዎ እንዴት ናት?» እላቸዋለሁ።

ፊታቸው ይበራል። «ደህና ናት» ይሉኛል።

እንዲህ ሲሉኝ፣ እውነትም ደህና ነኝ።