እርሳስና ቆርቆሮ በአንድ ዓምድ

አባቴ ሞላ፣ እናቴ ዝማም፣ ታላቅ እህቴ ብርነሽና እኔ ነበርን የዚያ ቤት ሰዎች። ዛሬ ሰቆጣ ገበያ አጠገብ ከብየዳ ቤቶቹ የቀለጠ እርሳስ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ጋዝጊብላ ያለው ያ ቤት ከነሰዎቹ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ክረምት ትምህርት ተዘግቶ ብርነሽ ከሰቆጣ ስትመጣ፣ ዝናቡ ከቤት ሲያውለን ኬሚስትሪዋን ጮክ ብላ ታጠና ነበር። ከንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ፒ-ብሎክ የሚሉትን የቀኙን ክፍል በከሰል ግድግዳው ላይ እየሣለች፣ ላይ በስተቀኝ እንደ ኦክስጅን ያሉ ጋዞች፣ ታች በስተግራ ብረታ ብረቶች፣ በመካከላቸው ደግሞ እንደ ሲሊከን ወዲህም ወዲያም ያልሆኑት እንደሚኖሩ ታስረዳኝ ነበር። የካርቦን ዓምድ ከከሰል ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ ቆርቆሮና እርሳስ ላይ ይደርሳል። «ወንድማማች ናቸው፣ ጠባያቸው ግን አይገናኝም» ስትል፣ አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው «እንደናንተ» ይሉ ነበር።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ማር ቆረጥን። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበር፤ ጋኑ ተሰንጥቆ ስለነበር አባቴ የሚያፈስ በርሜል አምጥተው፣ ከሞተ የመኪና ባትሪ እርሳስ አቅልጠው ቀዳዳውን ደፈኑት፣ እናቴም የዓመቱን ማር በሙሉ ጠጅ አድርጋ ጣለችበት።

ብርነሽ ለበዓሉ ዋዜማ ስትመጣ ድፍኑን አይታ በጥፍሯ ጫረችው፣ ተጫረላት።

«አባዬ፣ ይሄ እርሳስ ነው። ጠጁ ሲጎመዝዝ ያሟሟዋል፣ ሰው ይመርዛል።»

«እኔ ለማኅበርተኛ መርዝ ላቀርብ?»

«አላወቁም እንጂ።»

እናቴ ቀምሳ፣ ጣዕሙ እኮ ጥሩ ነው አለች።

«እርሳስም ያጣፍጣል፣ እማ» አለች ብርነሽ በዝግታ።

አባቴ ተነሥተው ከብት የማይደርስበት ጉድጓድ ቆፍረው፣ በርሜሉን ራሳቸው አጋድመው ደፉት። በማግስቱም ሰበብ ሳይፈልጉ፣ «ሳላውቅ አበላሸሁት፣ ልጄ ናት ያዳነቻችሁ» ብለው ለማኅበሩ ተናገሩ። አንዱ ሽማግሌ «ሞላ፣ ዘንድሮ ሚካኤልን በጠላ ብቻ ሸኘኸው» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ፣ አባቴም አብረው ሳቁ።

እኔ ትምህርቴን አልጨረስኩም፤ ያወቅኩትን ያወቅኩት የብርነሽን መጽሐፍ ብቻዬን ደጋግሜ በማንበብ ነው። ያኔ አንድ መጽሐፍ ለቤተሰቡ ሁሉ ነበር፤ ዛሬ ልጆቼ ሁሉን በስልካቸው ያገኙታል። እኔ ቁጡ አባት ነኝ፣ ግን ልጅ ስሕተቴን ሲነግረኝ እንደ ድፍረት አልቆጥረውም፤ አባት ተሳስቻለሁ ቢል አይዋረድም። ይህን ለማወቅ ሁላችንንም ያስከፈለን ሲደመር የአንድ ዓመት ማር፣ የእናቴ ድካምና የአንድ ቀን ፌዝ ነው።