የጋሽ መስታወት አሥራ አራት ሞኒተሮች

ጠዋት ጠዋት ኮቱን ሳያወልቅ ሞኒተሮቹን ተራ በተራ እያበራ የቀኝ እጁን ጀርባ ወደ መስታወታቸው ያስጠጋል። የእጁ ፀጉር ብድግ ካለ «አለ» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። አሥራ አራት ጊዜ «አለ» ሳይል ወንበር ላይ አይቀመጥም። ሐኪም እንኳ በሽተኛውን እንዲህ አይጠይቅም፤ ቢያንስ እኔ የማውቀው ሐኪም አይጠይቅም።

አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። እኔም በምሠራበት መዝገብ ቤት ጸሐፊዎቹ ሁሉ ጋሽ መስታወት ይሉታል። በደብዳቤ ላይ ያለው ማዕረጉ «የሞኒተር ጥገና ባለሙያ» ነው። ይህ ማዕረግ ሲሰጠው ሞኒተር ከፊቱ ይልቅ ከኋላው የሚረዝም፣ ጠረጴዛውን ግማሽ የሚይዝ የተከበረ ዕቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓለም ስክሪኗን እንደ ወረቀት አሳሳች። መሥሪያ ቤታችን ግን ቃሉን የማያጥፍ ነውና፣ አንዴ ከገዛው ዕቃ ጋር እስከ መቃብር መኖርን መረጠ።

ጣጣው የመጣው ከአዲሱ ሲስተም ጋር ነው። የሠሩት ሰዎች ሰፊ ስክሪን የሌለው ፍጡር በምድር ላይ ይኖራል ብለው ስላልጠረጠሩ፣ «አስገባ» የምትለዋን ቁልፍ ከገጹ ታች፣ ቀኝ ጥግ ላይ አስቀመጧት። በእኛ ሞኒተሮች ላይ ያ ጥግ አይታይም፤ ገጹን ወደ ታች መጎተትም አይቻልም። ቅጹን ሞልተን ሞልተን መጨረሻው ላይ ገደል እንደርሳለን። ዘዴ ያገኘችው ከሁላችን ትልቋ ጸሐፊ ብቻ ነበረች። ታብ የሚባለውን ቁልፍ ሠላሳ አንድ ጊዜ እየቆጠረች ትጫንና ዓይኗን ጨፍና ኢንተርን ትመታለች።

«ገባልሽ?» እንላታለን።

«እኔ ልኬዋለሁ። መድረሱን የላይኛው ያውቃል።»

በሳምንቱ ኃላፊያችን ደብዳቤ ጻፉ። ነባሮቹ ሞኒተሮች «ከፍተኛ ጥራትን መደገፍ ባለመቻላቸው» እንዲወገዱ፣ የጥገና ክፍሉም «ሥራው ያበቃ በመሆኑ» እንዲታጠፍ፣ ጉዳዩንም አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አይቶ እንዲወስን። ከአምስቱ አራቱ ሞኒተርና ኮምፒውተር አንድ ነገር ነው ብለው የሚያምኑ ነበሩ፤ አምስተኛው በምንም ጉዳይ ላይ ተናግሮ አያውቅም። አጎቴ ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። አሁን ክፍሉ ከታጠፈ የሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎቱ እንዳልነበረ ይሆናል።

ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ኃላፊው ዘንድ ወጣ። እኔ ፋይል ላስፈርም እዚያው ቆሜ ነበር።

«አሥር ቀን ይስጡኝ፣ ሰፊውን ምስል እንዲያሳዩ አደርጋቸዋለሁ።»

«እነዚህን? እነዚህ እኮ ከእኔ ጋር ነው የተቀጠሩት።»

«እርስዎም እኮ ገና እየሠሩ ነው።»

ኃላፊው ይህ ምስጋና ይሁን ስድብ እስኪለዩት ድረስ አሥሩ ቀን ተፈቀደ።

ችግሩን ያስረዳኝ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍሉ ነው፤ እዚያ ውስጥ ለመቆም አንገትን መስበር ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ሲበራ በኬብሉ በኩል ሞኒተሩን «ምን ያህል ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሞኒተሩ ፋብሪካው የጻፈለትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልሳል። ኮምፒውተሩም ያምነውና ከዚያ በላይ አይሰጠውም።

«በዚህ መሥሪያ ቤት አቅሙን በትክክል የሚናገር እሱ ብቻ ነው» አለኝ። «ለዚህም ነው ሊባረር የደረሰው።»

ስለዚህ መጠየቁን አስቀርቶ የጥራቱን ቁጥሮች በገዛ እጁ ጻፈ፤ ወደ ጎን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ነጥብ፣ ወደ ታች ሺህ ሰማንያ። ሸክሙን ሲጨምርበት ደግሞ ፍጥነቱን ቀነሰለት፤ ምስሉን በሰከንድ ሰማንያ አምስት ጊዜ ይሥል የነበረው ስድሳ ጊዜ ብቻ እንዲሥል። ሽማግሌ ጭነት ሲበዛበት ቀስ ብሎ ይራመዳል እንጂ አልችልም አይልም፣ የሚል ነበር ሐሳቡ።

ሽማግሌው ግን በመጀመሪያው ቀን «ከአቅም በላይ» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ጨለመ። በሁለተኛው እንደ ትንኝ ጮኸ። በሦስተኛው ምስሉ ዘሞ አንድ ገጽ ሦስት ሆኖ ታየ። አጎቴ እራቱን ረስቶ ቁጥር በቁጥር የሆነ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ስለሚቀመጥ፣ ባለቤቱ ለእኔ ከሰሰችው።

«የኔ ፊት ሲጨልም አንድ ቀን ምን ሆንሽ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ለብረት እንዲህ ይሁን?»

«አንቺ ስትጨልሚ ምክንያቱን ትነግሪኛለሽ» አላት፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «እሱ አይነግረኝም።»

በስድስተኛው ቀን ሰፊው ምስል መጣ። ከላይና ከታች ጥቁር መቀነት ታጥቋል፤ ፊደሎቹ ጉንዳን አክለዋል፤ ግን ቀኝ ጥግ ላይ «አስገባ» ቁጭ ብላለች። ትልቋ ጸሐፊ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋቻት።

«አንቺ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ስጠራሽ እዚህ ነበርሽ?»

በዘጠነኛው ቀን አሥራ አራቱም ደረሱ።

በአሥረኛው ቀን ኮሚቴው ከኃላፊው ቢሮ ተሰበሰበ። አንዱን ነባር ሞኒተር እኔና አጎቴ ለሁለት ተሸክመን ወጣንና ከኃላፊው አዲስ ሰፊ ሞኒተር አጠገብ አስቀመጥነው። አዲሱ የኃላፊው ኩራት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ እንግዳው ያዞሩታል። ሲስተሙ በሁለቱም ላይ ተከፈተ። በነባሩ ላይ «አስገባ» አለች። በአዲሱ ላይ የለችም።

ኃላፊው ሞኒተራቸውን አዙረው ከጀርባው ተመለከቱ፤ እዚያም የለችም።

«ትላንት ነበረች» አሉ ቀስ ብለው።

«ዕቃው ያው የዘንድሮ ዕቃ ነው» አለ ተናግሮ የማያውቀው አምስተኛው አባል። ዝም ያለ ሰው አንዴ ሲናገር ይደመጣልና አራቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። በቃለ ጉባኤው ላይ፣ ነባሮቹ ከፍተኛ ጥራትን በብቃት እንደሚደግፉ፣ አዲሱ ግን ጥገና እንደሚያስፈልገው «በተግባር ተረጋገጠ»፤ የጥገና ክፍሉም እንዲቀጥል ተወሰነ። የክፍሉ የመጀመሪያ በሽተኛ የኃላፊው ሞኒተር ሆነ። በማግሥቱ ድኖ ተመለሰ፤ አጎቴም የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈለት። ሁለቱን ዓመት ጨርሶ፣ በቀኑ፣ በሙሉ ጡረታ ወጣ። አሥራ አራቱ ሞኒተሮች በወጣ በሳምንቱ ተጣሉ፤ እነሱን ለመጣል ኮሚቴ አላስፈለገም።

ስለ እሱ ልጽፍ መሆኑን ስነግረው ብዙ አሰበ። «መላጣዬንም ጻፊ፣ ሚስቴ ያለችውንም ጻፊ» አለኝ። «አንዱን ብቻ ተይልኝ፣ የእህቴ ልጅ።» ያ አንዱ ነገርም በዚያ በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ኃላፊው ሳይገቡ፣ አቧራ ልጥረግ ብሎ ጨርቅ ይዞ ወደ ቢሯቸው መግባቱና፣ ማውሱን ሦስት ጊዜ ብቻ ጠቅ አድርጎ የአዲሱን ሞኒተር ጥራት ዝቅ አድርጎት መውጣቱ ነው።