የተዋዋስነው የጥምቀት ልብስ

የሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህር ለጥምቀት ልብስ ተለዋወጡ አሉን። «የተጠመቀ ሁሉ ክርስቶስን ለብሷል፤ እንግዲህ በጨርቅ ማን ባለቤት፣ ማን እንግዳ ነው?» መዘምራኑ ከየአገሩ ነን፤ ባሕር ዳር ለትምህርት የመጣው ብዙ ነው። ለእኔ ከጋሞ የመጣች ተማሪ ደረሰችኝ። እሷ የእናቴን ቀሚስና ነጠላ ወሰደች፤ እኔ በአገሯ ሽመና የተሠራውን፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነውን የዱንጉዛ ቀሚሷን ከነመቀነቱ። እንዴት እንደሚለበስ መጠያየቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ የለኝም። ቀሚሱን አጠለቅሁና ዓባይ ማዶ ካለው ቤቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ በረርሁ።

በከተራው ታቦቱን አጅበን ወደ ጣና ዳር ስንወርድ አንዲት አሮጊት ልጅቷን አቅፈው «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት።

«አሜን!» አለች በፈገግታ።

ትንሽ እንደሄድን አንድ ሽማግሌም ያንኑ ደገሙላት። አሁንም «አሜን!»

«የናንተ አገር ሰው ሲመርቅ ደስ ይላል» አለችኝ።

ያኔ ነው ነጠላዋን ልብ ያልሁት። ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቷ ላይ አድርጋዋለች። እኛ ዘንድ እንዲያ የሚለብሰው ሐዘንተኛ ነው። ሣቄ አመለጠኝ። «ሰው የሞተብሽ መስሏቸው እኮ ነው!» አልኋት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል።

ፊቷ ጠቆረ። ነጠላውን ከትከሻዋ ገፈፈችና «እንኪ። ድሮም እንግዳ እንደሆንኩ አውቃለሁ» ብላ ከሰልፉ ወጣች።

ሮጬ እጇን ያዝሁ። ማባበል አልችልበትም። «ብትሄጂ እኔም አልዘምርም። ደግሞ ይኼ ቀሚስሽ አንቆ ሊገድለኝ ነው፤ ምን ዓይነት አንገት ነው ያላችሁ?»

ዞር ብላ አየችኝ። «የፊቱን ወደ ኋላ ለብሰሽዋል።»

«መቼ አየሽ?»

«ገና ስንነሣ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«እንግዳ ሆኜ?»

እኒያው አሮጊት ከኋላችን ደርሰው ንትርካችንን ሰምተው ኖሯል። «አንዷ ሐዘንተኛ፣ አንዷ ታናቂ! ኑ ወዲህ!» ብለው ከአንድ ዋርካ ጀርባ ወሰዱን። ነጠላውን እሳቸውና እሷ ወዲህና ወዲያ ዘርግተው ጋረዱኝ፤ እኔ ከውስጥ ቀሚሱን ለማዞር ታገልሁ።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ታቦቱ አለፈሽ!»

ልጅቷ ሣቋን መቆጣጠር አቅቷት የያዘችው ጫፍ ይንቀጠቀጣል። ሲያልቅ ነጠላውን አሮጊቷ ራሳቸው አለበሷት፣ ጥለቱን ወደ ታች አውርደው። እየሮጥን ሰልፋችን ውስጥ ገባን። ከበሮው ሊመታ ሲል በክርኗ ጎሰመችኝ።

«መቀነቱንም ገልብጠሽዋል፣ አንቺ ዝርክርክ!»

ከዚያ ወዲህ ያየችብኝን ስሕተት አንድም ቀን ዋጥ አድርጋ አታውቅም።