ለወንዙ የተውኩት መራራ ቅል

ከተማችን ቲርታሃሊ ገብታችሁ ስሜን ብትጠሩ «የቱ? ማንጎ የተወው ሼሻጊሪ?» ይሏችኋል። ልብስ ሰፊ መሆኔን የሚያነሳ የለም። አርባ ዓመት ሙሉ የሴቶች ሸሚዝ ስሰፋ ኖሬ ያላገኘሁትን ክብር፣ አንድ ፍሬ ባለመብላት አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ልቤን ታምሜ ሐኪም ቤት ተኛሁ። ፈሪ ነኝና ሞት ደጄ ሲመጣ አፌ ተከፈተ፤ «አምላኬ ክሪሽናዬ፣ ብቻ አትርፈኝ እንጂ ካሺ ሄጄ ማንጎን እስከ ዕለተ ሞቴ እተውልሃለሁ!» ብዬ ተሳልኩ። ባለቤቴ ቱንጋማ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነበርና ሰምታ አለቀሰች። ጠያቂው ሁሉ ሰማ። እኔም ተረፍኩ። ወይ ጣጣ!

ቅድስቲቱ ከተማ ካሺ የሄደ ሰው አንድ የሚወደውን ነገር ለተቀደሰችው ወንዝ ለእናት ጋንጋ ትቶላት ይመለሳል፤ አባቶቻችንም ያደረጉት ነው። እኔና ቱንጋማም ሄድን፤ ወንዙ ውስጥ ውኃው እስከ ደረቴ ደርሶ ቆሜያለሁ። ሽማግሌው ካህን «ልጄ፣ የሰው ሐሳብ ዝንጀሮ ነው። አንድ እጁን ካሰርክበት ሌላውም አደብ ይገዛል። በል፣ የምትወደውን ተው» አለኝ። ማንጎ ልል አፌን ስከፍት ምራቄ ሞላ። በሚያዝያ ሙቀት ውኃ ውስጥ ቀዝቅዞ የሚቆየው፣ ጫፉን ነክሰው የሚመጥጡት ማንጎ ዓይኔ ላይ ሄደ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «መራራ ቅል» አልኩ። መራራ ቅል ማለት ቆዳው የእንቁራሪት ጀርባ የሚመስል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ያላስገባሁት አትክልት ነው። ካህኑ እጄ ላይ ውኃ አፈሰሰ፣ አለቀ። እንዴት ያለሁ ብልጥ ነኝ ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ቱንጋማ ከኋላዬ ቆማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

አገር ቤት ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሼ ሼሻጊሪ፣ ተዉት ማንጎውን?» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ «ተውኩት» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ከዚያ ወዲያ በቅዳሜው የመዝሙር ማኅበር ጥግ ይዤ ከበሮ እመታ የነበርኩት ሰውዬ አስተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ «ፍላጎት በር ላይ የቆመ ለማኝ ነው፤ ዝም ካልከው ይሄዳል» እላለሁ። ሴቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔም እንባዬን እጠርጋለሁ፤ የኔው ግን የማንጎ ነው።

ቱንጋማ ደግሞ ከተመለስን ጀምሮ መራራ ቅል መጥበስ ሥራዬ ብላ ያዘች። ስስ አድርጋ ትከትፈዋለች፣ በኮኮናት ዘይት ኩርሽም እስኪል ትጠብሰዋለች፣ «ይብሉ እንጂ፣ ለጤናዎ ጥሩ ነው» ትለኛለች። ለወንዝ የተውኩትን እንዴት እበላለሁ? አንድ ቀን ሆዴን እላለሁ፣ አንድ ቀን ጥርሴን እላለሁ። ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስድሳ ዓመት የጠላሁት አትክልት ያምረኝ ጀመር! ሽታው ከጓዳ ሲመጣ መርፌ እጄ ውስጥ ይገባል። ድሮ በአንድ ነገር ይቃጠል የነበረው ምላሴ አሁን በሁለት ይቃጠላል። ፍላጎቱን የገዛው ሼሻጊሪ ይኸውላችሁ!

ሁለት የማንጎ ወቅት አለፈ። ቱንጋማም አልቀመሰችም። «አንቺ እንኳ ብይ እንጂ» ስላት «አላሰኘኝም» ትላለች። ይህች ሴት በልጅነቷ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥታ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል፤ እስከ ዛሬ በደንብ አይዘረጋም። ሲያነሷት እንኳ ማንጎውን ከእጇ አልጣለችም ይሉ ነበር እናቷ። እኔ እንዳልጎመጅ ብላ ነው እንጂ ብዬ ደስ አለኝ፤ ኮራሁም።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ደንበኛ «ለባለቤትዎ» ብላ ሦስት ማንጎ ሰጠችኝ። ሱቁን ዘጋሁና በጓሮ በኩል ካለው ክፍል ገባሁ። የመጀመሪያውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ሁለተኛው ላይ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወርዶ ሳለ የጓሮው በር ተከፈተ። ቱንጋማ ናት፣ ምሳዬን ይዛ።

«እ… የበሰለ መሆኑን ላይልሽ ብዬ…»

«ይብሉ» አለች።

«ኧረ እኔ…»

«ይብሉ እንጂ፤ ማን ከለከለዎት? እርስዎ የተዉት መራራ ቅል ነው። ከኋላዎ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

አፈር በበላሁ! «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱኑ የምትጠብሺልኝ?»

«‹ይህን እንኳ ትቼዋለሁ› ብለው አንድ ቀን እውነቱን ይነግሩኝ እንደሆነ ብዬ ነዋ! ጥርሴን አሉ፣ ሆዴን አሉ፣ የሚዋሹበትን ምላስዎን ግን አንድ ቀን አላመመዎትም።» ሳቀች። እሷ ስትስቅ እኔም ቀለለኝ፣ አብሬ ሳቅሁ።

«አንቺስ ታዲያ? ይህን ካወቅሽ ለምን አትበይም?»

ሳቋን አቆመች። «ስለት ነበረብን እኮ። እርስዎ የተረፉት በእሱ ነው። በውኃው ውስጥ ክሪሽናን ሲያታልሉት ስሰማ ደነገጥኩ፤ ተቆጥቶ እርስዎን መልሶ ቢወስድብኝስ ብዬ። ተራዬ ሲደርስ ማንጎውን እኔ ተውኩት።»

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ለማኝ፣ ዝንጀሮ፣ በር እያልኩ ስቀባጥር፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ ስታዳምጠኝ የኖረችው እሷ ናት። ማንጎውን ልወረውር እጄን ሳነሳ ያዘችኝ።

«አይጣሉት፣ ያሳዝናል። ይጨርሱት።»

በለበሰችው ሳሪ ጫፍ አገጬን ጠረገችልኝ፣ ምሳውን አስቀምጣ ወጣች። በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ጓሮው መሐል ስትደርስ ቆመች፤ ማንም እንዳላያት ዞር ዞር ብላ አየችና አገጬን የጠረገችበትን የሳሪዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ማገችው።