ወራጅ የለም

እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ብላ አብነት ካለው ቤቷ እኛ ጋ መጣች፤ ሕክምናው አለቀ፣ እሷ ግን በዚያው ቀረች። እኔም ደስ አለኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ለእኔ፣ ለባሌና ለልጄም አልበቃችም፤ ቢሆንም እናቴ የገባችበት ቤት ሞቅ ይላል። ከልጄ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተገፋፉ፣ በብርድ ልብስ እየተጣሉ ይተኛሉ።

አንድ ዓርብ ማታ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ታጠናለች። የዕለቱ ቃል «ክራውድድ» ነው፤ ዓረፍተ ነገር ልትሠራበት ነው። «የሜክሲኮ ታክሲ ተራ ክራውድድ ነው» ብትል ምን ነበረበት? እሷ እቴ! «ቤታችን ክራውድድ ነው» አለች።

«ምን ማለት ነው እሱ?» አለች እናቴ።

«ሰው በዝቶ ሲጨናነቅ ነው፣ እማማ።»

ልጄን በዓይኔ ልውጣት ደረስኩ። እናቴ ግን «ጎሽ፣ የኔ ጎበዝ» ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ሆድ ሲብሳት የምትስቀው ነው።

ጠዋት ስነሳ ልብሷን በፌስታል ሸክፋ ጨርሳለች። «ቤቴን አይጥ ወረሰው፣ ልሂድ» አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። እናቴ አንዴ አለች አለች ነው። ልጄም ነገሩ ገብቷት ጫማዋን አደረገች፤ ልንሸኛት አብረን ወጣን።

ታክሲው ውስጥ የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት ሆነናል። ረዳቱ አሁንም «ማዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ይላል። አንዲት ዕቃ የያዘች ሴት ስትገባ እናቴ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና «ነይ ልጄ፣ ለሰው ቦታ አይጠፋም» አለቻት።

ልጄ ይኼኔ ዞር ብላ አየቻት።

«እማማ፣ ታክሲውም እኮ ክራውድድ ነው። አንቺ ግን ጠጋ አልሽላት እንጂ ውረጂ አላልሻትም። እኔም ውረጂ አላልኩሽም።»

እናቴ አገጯን ልጄ ፀጉር ላይ አሳርፋ በመስኮት የሰፈሯን ሱቆች ታያለች።

«አብነት! ወራጅ አለ?» ሲል ጮኸ ረዳቱ።

ሁለታችንም እናቴን አየናት። ልጄን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት።

«የለም የኔ ልጅ፣ ሳበው በለው» አለች።

መርካቶ ድረስ ሄደን፣ በሌላ ታክሲ እንደገና ተጣብበን ወደ ቤታችን ተመለስን።