እናቴ ልትጠብቀኝ ቢሃር ድረስ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ፣ የሆላንድ ፓስፖርት በወጣልን ዓመት፣ ህንድ ልሄድ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን ድንች እየላጠች ነበር።

«ከሱ ጋር?»

እሱ ማለት ላገባው ያሰብኩት ሰው ነው። ዘ ሄግ ከተማ ያደገ የደቡብ አሜሪካዋ ሱሪናም ልጅ፣ ዘሩ ግን ህንድ። ቅድመ አያቶቹ ለሸንኮራ እርሻ በመርከብ የተወሰዱት ከህንዷ ክፍለ ሀገር ከቢሃር ነበርና አገሩን ለማየት ጓጉቷል። ደግ ሰው ነው፤ ሂንዱ መሆኑ ግን ለእናቴ የማይዋጥ ነገር ሆነባት።

«ጣዖት ሊያሰግድሽ ነው የሚወስድሽ» አለች። «እኔም እሄዳለሁ። አንዴ ጎንበስ ስትዪ ካየሁ ምርቃቴን እርሺው።»

የቀልዷን መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሻንጣዋን ሽሮና በሶ ሞልታ ተነሳች። ያለ ምርቃቷ እንደማላገባ አሳምራ ታውቃለች።

ስለዚህ ጉብኝቱ ለኔ ጉብኝት አልነበረም። ናላንዳ የሚባለው የጥንት የቡድሃ መነኮሳት ትምህርት ቤት ፍርስራሽ ላይ ሰው ሁሉ ቀዩን ጡብ ሲያይ፣ እኔ እናቴን አያለሁ፣ እናቴ እኔን ታያለች። የጫማዬ ክር ቢፈታ ጎንበስ ብዬ ማሰር ፈርቼ እየጎተትኩት ዞርኩ። እሱ አስጎብኚው ያለውን ሲነግረኝ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ እንጂ አንድም ቃል አልሰማሁም። የምትጠብቀኝ እናቴ የተቃጠሉትን የመነኮሳት ክፍሎች አይታ «የኛንም ገዳማት እንዲሁ ነው ያቃጠሉት» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ እንዲህ ብዬ ባዝን ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

በመጨረሻ ቦድ ጋያ ደረስን፤ ቡድሃ ከስሩ ተቀምጦ ብርሃን አገኘ የሚሉት ዛፍ ያለው እዚያ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ተሳላሚው ሁሉ ነጭ ለብሶ ዛፉ ስር ረግቶ ተቀምጧል። እኔ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ አንገቴን ችካል አስመስዬ ዞርኩና እንውጣ አልኩ።

ጉዱ የመጣው ስንወጣ ነው። እሱ ቀድሞን ወጥቶ፣ ጫማችንን ይዞ ፊት ለፊታችን ቆሟል። እናቴ የድንጋዩ በር ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ግንባሯን አስነካች፣ ሳመችው። ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እንደምታደርገው። ወዲያው ደርቃ ቀረች። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ቀና ስትል መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ እሱን። እሱ ፊቱን አዙሮ የሰው ጫማ ክምር ውስጥ ይፈልጋል። የእናቴ ጫማ እጁ ላይ ነው።

ሮተርዳም ተመለስን። እሁድ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም፤ ውጭ ቆማ አስቀደሰች። ሰው ሲያፍር ያየውን ሰው አይወድም፤ በቃ፣ እሱን ጠልታዋለች አልኩ። አምስተርዳም ለሥራ ስመላለስ ባቡር ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ በሩ ጋ እንቆራጠጥ ነበር።

በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት እቤት መጣ። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጠይቂው» አለችኝ። «በር ላይ ምን አየ?»

በደች ጠየቅሁት። ጆሮው ቀላ።

«ጫማ እየፈለግኩ ነበር፣ ምንም አላየሁም በያት» አለ።

ነገርኳት።

«ውሸታም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኔን ጥፋት ለነፍስ አባቴ እኔው እናገራለሁ። አንቺ ግን ገመናሽን የሚሸፍንልሽ ሰው አግኝተሻል። ከእንግዲህ ብሞትም አልሰጋልሽም።»

እንባዬ ቀደመኝ፤ መተርጎም አቃተኝ። እሱ እኔን አየ፣ እናቴን አየ፣ እምቢ የተባለ መሰለው። ቀስ ብሎ ተነሳና ኮቱን አነሳ።

እናቴ እጅጌውን ያዘችው።

«ወዴት ነው ሳትበላ፣ ልጄ?»