ሣር ያለበስኩት ስንጥቅ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። የሚሌኒየሙ ሰሞን ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን በላይ፣ ሣር ላጭድ ዳገቱን ወጥቼ፣ ከእርከኑ ራስ መሬቱ ተሰንጥቆ አየሁ። ክንዴን ባስገባው መጨረሻውን አጣሁት። ቁልቁል ሳይ ልጆቼ ደጅ ይጫወታሉ።

ለቀበሌ ልናገር ስወርድ፣ ነገ የቴሌቪዥን ሰዎች እርከናችንን ሊቀርጹ እንደሚመጡ፣ ተናጋሪዋም እኔ እንደሆንኩ የቀበሌው ሰዎች ቀድመው ነገሩኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? እንግዳ ሲመጣ ገመና ይሸፈናል ብዬ ተመልሼ ወጣሁ። ስንጥቁን በቅጠልና በአፈር ደፈንኩት፤ ሣር አለበስኩት። እኔው፣ በገዛ እጄ።

ጋዜጠኛው ዳገቱን አልወጣም። መንገድ ዳር ቆሞ፣ መሬቱ እንዴት እንዳገገመ ይንገሩን አለኝ። የዝናቡ ውኃ ወዴት ይሰርጋል ብሎ ቢጠይቀኝ እውነቱን እናገር ነበር? አዎ እላለሁ፤ ግን ራሴን አላምናትም። «መሬታችን ድኗል፤ ከእንግዲህ ስጋት የለብንም» አልኩ። ይድገሙት፣ ፈገግ ይበሉ አለኝ። ደገምኩት። ፈገግም አልኩ።

ከተማ፣ አንድ ነጋዴ ቤት ተሰብስበን ፕሮግራሙን አየነው። ዘፈን አለው፣ አበባ አለው፤ ስለ አፈር የሚያውቅ ሰው ግን አንድም አልተናገረበትም። ጎረቤቴ አሚናት ያኔ ልጇ ከጅዳ በላከችላት ገንዘብ ቤት ልትሠራ ቦታ ትፈልግ ነበር።

«ባለቴሌቪዥኗ ድኗል ካለች ወላሂ ማን ይጠራጠራል?» ብላ ሳቀች።

ከዳገቱ ሥር መሠረት ስታስቆፍር ዝም አልኩ። ለምን? በአገር ፊት ዋሸች እንዳልባል። ለዚህች ስል የሰው ልጆች እዚያ ሥር ሲተኙ አየሁ።

ክረምቱ ሲገባ ደመና ባየሁ ቁጥር ደጅ ወጥቼ ዳገቱን እቃኝ ጀመር። አንድ ረፋድ፣ በዝናቡ መሐል፣ ዳገቱ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ልጆቼን እየጎተትኩ አሚናት ዘንድ ሮጥኩ።

«ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፤ ዳገቱ ሊናድ ነው።»

«ድኗል አላልሽም እንዴ?»

እጇን ይዤ ጎተትኳት። ሜዳው ላይ ስንደርስ አፈሩ ሁለቱንም ቤት ዋጠ።

አቅፋኝ እያለቀሰች፣ «አተረፍሽን፤ አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ» አለች። አሜን አልኩ። እንዴት አሜን አልኩ? እስከ ዛሬ አዳኜ ትለኛለች፤ እኔም አቤት እላለሁ።

ጋዜጠኛው አልጠየቀኝም ብዬ አላመካኝም። ያየሁት እኔ፣ የሸፈንኩት እኔ። አሚናት፣ ይቅር በይኝ። ዛሬ ሁላችንም የምንኖረው ከዳገት ርቀን ነው። አንድም ልጅ አልጎደለብንም። ደህና ነን።